ፓላዲየሙን ምን ላይ እናሳርፈው? ለሃይድሮጅን ሥራ ተሸካሚ ለምትመርጡ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከሐረር ደወለችልኝ። እኔ ድሬ፣ ቀፊራ አጠገብ፣ ጥላ ፈልጌ ቆሜያለሁ። «ቲቸር፣ አሉሚና አለኝ፣ ሲሊካ አለኝ፣ የላቦራቶሪ ከሰልም አለኝ። ፓላዲየሙን የቱ ላይ ላድርገው?» አለችኝ። ምን ልትሠሪበት ነው ስላት «ሃይድሮጅን ላስገባበት ነዋ!» አለች። ይሄ መናኸሪያ ሄዶ «መኪና እፈልጋለሁ» እንደማለት ነው። ለጅጅጋ ነው ወይስ ለሳቢያን? ለሳቢያን ባጃጅ ይበቃል።

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ልበል። ሃይድሮጅን ሌላ ሞለኪውል ውስጥ በራሱ በቀላሉ አይገባም፤ እንደ ፓላዲየም ያለ ሜታል ያፋጥነዋል፣ ራሱ ግን አያልቅም። እንዲህ ያለውን አፋጣኝ ካታሊስት እንለዋለን። ሻይ ውስጥ ስኳርም ቅርንፉድም እንጨምራለን። ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ግን ቅርንፉዱን በማንኪያ ታወጡታላችሁ፤ ስኳሩ የለም። የሚሟሟ ካታሊስት እንደ ስኳሩ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የመጣው የዊልኪንሰን የሮዲየም ካታሊስት ጥሩ ምሳሌ ነው። በክፍል ሙቀትና በተራ ግፊት ደብል ቦንድ (ሁለት ካርቦኖችን የሚያያይዝ ድርብ ማሰሪያ) ላይ ሃይድሮጅን ያስገባል። ሥራው ያምራል። ከምርቱ ለይቶ መልሶ ማግኘት ግን ራስ ምታት ነው። ሜታሉን ጠጣር ነገር ላይ ማሳረፍ ማለት ስኳሩን ቅርንፉድ ማድረግ ነው። ያንን ጠጣር ነገር እዚህ «ተሸካሚ» እለዋለሁ። ተማሪዎች «ሰፖርት» ይሉታል፤ ያው ነው።

መንገዱን የከፈተው ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከሥራ ባልደረባው ከሰንደራንስ ጋር ሆኖ ኤቲሊንና ሃይድሮጅንን በኒኬል ዱቄት ላይ አሳለፈ። በ1912 ኖቤል ተሸለመበት። ጀርመናዊው ኖርማን ደግሞ ነገሩን ወደ ፈሳሽ ዘይት ወስዶ በ1902 ፓተንት አስመዘገበ። ዘይትን በፋብሪካ ማርጋት የመጣው ከዚያ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስተካክል። ገበያ ላይ «የሚረጋ ዘይት» የምንለው የፓልም ዘይት የሚረጋው የግድ ኒኬል ነክቶት አይደለም። ግማሽ ያህሉ በተፈጥሮው ሳቹሬትድ ፋት ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው ያው ጀሪካን ድሬ ቀን ቀን ቀልጦ የሚውለው፣ ሐረር ሲወጣ ደግሞ የሚረጋው።

ከመምረጥ በፊት

ብዙ ሰው የሚጀምረው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ «በምን አወጣዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁ «ፈሳሼ ተሸካሚውን ምን ያደርገዋል?» በሉ። የመጀመሪያው ዙር ውጤት ሁሌም ያምራል፤ አዲስ ካታሊስት ሁሉ ጎበዝ ነው። ገመናው የሚወጣው በሦስተኛው ዙር ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 50 ሚሊግራም ካታሊስት ተጠቀማችሁ እንበል። አጥልላችሁ ስትሰበስቡ 5 ሚሊግራም ወረቀቱ ላይ ቀረ። 10 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ይህ አምስት ጊዜ ሲደጋገም እጃችሁ ላይ የሚተርፈው 59 በመቶ ነው። ተሸካሚው ምንም አላጠፋም። የበላችሁ ማጥለያው ነው። በትንሽ መጠን ለሚሠራ ሰው የአወጣጡ ነገር ከፍጥነቱ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ከሰል

ከሰል ስል የጀበና ሥሩን ማለቴ አይደለም። በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ቀዳዳው እንዲበዛ የተደረገውን አክቲቬትድ ካርቦን ነው። አንዱ ግራም ብዙውን ጊዜ ከ800 እስከ 1,200 ካሬ ሜትር የውስጥ ስፋት አለው። ሰባት ግራሙ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ፓላዲየም በከሰል ላይ፣ 5 ወይም 10 በመቶ ሆኖ፣ በዓለም ላይ በየላቦራቶሪው መደርደሪያ የማይጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዋናው ጥሩ ጎኑ ቻይነቱ ነው። አሲድ ቢሆን፣ ቤዝ ቢሆን ግድ አይሰጠውም። ሌላም አለ። ካታሊስቱ ሲያረጅ ከሰሉን አቃጥሎ ሜታሉን ከአመዱ መልሶ ማግኘት ይቻላል። በዶላር ለሚገዛ ሜታል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሉሚና ቢሆን አይቃጠልላችሁም፤ ማሟሟት ሊኖርባችሁ ነው።

ክፉ ጎኑስ? አንደኛ፣ ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ ናቸው። ትልቅ ሞለኪውል ከያዛችሁ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ስፋት ለእናንተ የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ምርታችሁንም ይጠጣል። «ውጤቴ 80 በመቶ ብቻ ሆነ» ብላችሁ ስትጨነቁ ቀሪው ከሰሉ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ በሙቅ ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) እጠቡት። ሦስተኛ፣ ደቃቁ ዱቄት ተራ ወረቀት ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ሴላይት፣ ማለትም ለማጥለያ የሚሆን ነጭ ዱቄት፣ አንጥፉ።

አራተኛው እሳት ነው። ይህን ከራሴ ልናገር። አንድ ጊዜ፣ ያኔ በምሠራበት አንድ ላቦራቶሪ፣ ካታሊስቱን በሜታኖል አጥቤ ማጥለያው ላይ ትቼው ምሳ ሄድኩ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስመለስ ወረቀቱ መሃሉ ተበስቶ ጠርዙ ይጨሳል። ዕድል ሆኖ አጠገቡ ጠርሙስ አልነበረም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። ሃይድሮጅን የጠጣ ፓላዲየም ደርቆ አየር ሲያገኝ የሜታኖልን ተን ያቀጣጥላል። ስለዚህ እስኪደርቅ አትሳቡት። ሁሌም እርጥብ ይሁን። ስትጀምሩም ደረቁን ዱቄት ሜታኖል ያለበት ጠርሙስ ላይ አትበትኑ። መጀመሪያ ናይትሮጅን አስገቡ፣ ካታሊስቱን በትንሽ ውሃ አርጥቡ፣ ከዚያ ሶልቨንቱን ጨምሩ። ሲገዛም ግማሽ ያህሉ ውሃ የሆነውን መግዛት ይሻላል። «ለውሃ ገንዘብ ከፈልኩ» የሚል አለ። ለእሳት አደጋ ከመክፈል ይሻላል እላለሁ።

አንዳንዶች ከቡና ገለባ ከሰል ልሥራ ይሉኛል። ሐረር የቡና ገለባ አፍልቶ መጠጣት የቆየ ነገር ነው፤ ገለባው ሞልቷል፤ ሐሳቡ ደስ ይላል። ከሰሉ ራሱ የጥናቱ ርዕስ ከሆነ ግፉበት። ርዕሳችሁ ሃይድሮጅን ከሆነ ግን የማታውቁትን ነገር ሁለት ታደርጉታላችሁ። የገለባ አመድ ፖታሲየም ይበዛበታል፤ በአሲድ በደንብ ካልታጠበ ውጤቱ ከዙር ዙር ይዋዥቃል። ከዚያ ጥፋቱ የሜታሉ ይሁን የገለባው ማን ይለየዋል?

አሉሚና ወይስ ሲሊካ?

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ተሸካሚውን የሚመርጥላችሁ በእጃችሁ ያለው ጨው፣ ማለትም ፓላዲየሙን የያዘው ውህድ ነው።

እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፓላዲየም ክሎራይድ ነው። በውሃ ብቻ በቅጡ አይሟሟም፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ሲሟሟ ፓላዲየሙ ከአራት ክሎራይድ ጋር ሆኖ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። አሁን የተሸካሚውን ፊት ተመልከቱ። የአሉሚና ፊት ፒኤች ከ8 ገደማ በታች ሲሆን ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ፓላዲየሙን ራሱ ይስበዋል። የሲሊካ ፊት ግን ፒኤች ከ2 ገደማ በላይ ሲሆን ኔጌቲቭ ነው። ሁለት ኔጌቲቭ ይገፋፋሉ። ያንኑ ክሎራይድ ሲሊካ ላይ ብታፈሱ ይደርቅበታል እንጂ አይዝም። ስታሞቁት ይሰበሰብና ትልልቅ እብጠት ይሆናል። ትልቅ እብጠት ማለት ውስጡ የተቀበረው ፓላዲየም ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ለሲሊካ የሚሆነው አራት አሞኒያ የያዘው ፖዘቲቭ የፓላዲየም ጨው ነው፤ እሱም ፒኤቹ ወደ ቤዝ ሲወጣ። ያ ጨው ካላችሁ ሲሊካ ጥሩ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ በግራም ከ300 እስከ 500 ካሬ ሜትር ነው፤ የአሉሚና ግን 200 አካባቢ ነው። ያ ጨው ከሌላችሁ ግን በስፋቱ አትታለሉ። ክሎራይድ ብቻ ያለው ሰው አሉሚና ይያዝ። አሲዱን ግን አታብዙት፤ አሉሚናው ራሱ ይሟሟል። ጠንካራ ቤዝ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አይበረክቱም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ግራም ባዶ ተሸካሚ ወስዳችሁ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ልክ በሶ ለጭብጦ ስታረጥቡ እንደምታደርጉት። መያዝ ሲጀምርና ውሃው ሳይተርፍ አቁሙ። ያ መጠን የቀዳዳዎቹ ይዘት ነው። ከዚያ ጨዋችሁን በዚያው መጠን አሟሙታችሁ ለሌላው ደረቅ ግራም ስጡ። ለ1 ግራም ባለ 5 በመቶ ካታሊስት 50 ሚሊግራም ፓላዲየም ያስፈልጋል። ፓላዲየም ክሎራይድ 60 በመቶው ፓላዲየም ስለሆነ 83 ሚሊግራም ትመዝናላችሁ። አድርቁት፣ ከዚያ በሃይድሮጅን ወይም በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ሪዲዩስ አድርጉት፤ ጨውን ወደ ሜታል መመለስ ማለት ነው። ክሎራይዱን አጥቦ ማስወጣት አትርሱ።

ቲታኒያ (የቲታኒየም ኦክሳይድ) የምትሉም አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እስከ 500 ዲግሪ አሙቃችሁ በሃይድሮጅን ሪዲዩስ ካደረጋችሁት የቲታኒየሙ ኦክሳይድ ሜታሉ ላይ ወጥቶ ይሸፍነዋል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በደንብ የተገለጸ ነገር ነው። 200 ዲግሪ ላይ ከቆማችሁ አያሰጋም። ዜዮላይት (ቀዳዳው አንድ ልክ የሆነ ማዕድን) ደግሞ ቅርጽ ለሚመርጥ ሥራ ነው፤ ለተራ ሃይድሮጅን ሥራ አልደክምበትም።

መንገድ ላይ ማቆም ለሚፈልግ

አንዳንዴ ሃይድሮጅኑ እስከ መጨረሻው እንዲገባ አትፈልጉም። ትሪፕል ቦንዱ ደብል ላይ እንዲቆም፣ ያውም ሲስ ሆኖ፣ ማለትም ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በአንድ ወገን ሆነው፣ እንዲቆም ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ሊንድላር የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ካታሊስት አለ። ፓላዲየም በካልሲየም ካርቦኔት ላይ ሆኖ ሆን ተብሎ በእርሳስ የተመረዘ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኪኖሊንም ይጨመርበታል። ካርቦኔቱ እኛ በሲሚንቶ የምናውቀው የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው። ታዲያ ከድሬ ተራራ ፈልጣችሁ እንዳታመጡ! የተፈጥሮው ድንጋይ ሸክላም ብረትም አለበት። በላቦራቶሪ የተዘጋጀ ንጹሕ ዱቄት ነው የሚፈለገው። አሲድ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት፤ አረፋ ደፍቆ ተሸካሚው ራሱ ይጠፋል። አተላው እርሳስ ስላለበት ቧንቧ ውስጥ አይደፋም።

ባሪየም ሰልፌትም በዚሁ መንፈስ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሮዘንሙንድ አሲድ ክሎራይድን አልዴሃይድ ላይ ያስቆመው በሱ ነው። ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ሥራውም ቀዝቀዝ ያለ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቀዝቃዛነቱ ጥቅም ነው።

በክር የታሰረው

የሚሟሟውን ካታሊስት ጠባዩን ሳይለውጡ ማሰር የሚፈልጉ ፖሊመር ወይም ሲሊካ ላይ ሊጋንድ፣ ማለትም ሜታሉን የሚይዝ ሞለኪውል፣ ይተክላሉ። ከዚያ ሮዲየሙን ሊጋንዱ ላይ ያስቀምጣሉ። በወረቀት ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም፤ የዊልኪንሰን ጠባይ፣ የቅርንፉድ አወጣጥ። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ክሩ የያዘው ሊጋንዱን ነው። ሜታሉ ሊጋንዱን ይለቃል፣ ይይዛል፣ እንደገና ይለቃል። ሥራውን ለመሥራትም መልቀቅ አለበት። ኮርቻውን ግንድ ላይ አስሮ አህያው የታሰረ መስሎት እንደተኛ ሰው ነው የምትሆኑት። ሊጋንዱ ፎስፊን (ፎስፈረስ ያለበት) ከሆነ ደግሞ አየር ሲያገኘው ወደ ኦክሳይድ ይለወጥና ሜታሉን መያዝ ያቆማል። ፖሊመሩ ፖሊስታይሪን ከሆነ የሶልቨንቱም ነገር አለ። ቶሉዊንና ቲኤችኤፍ ውስጥ ያብጣል፣ በሩ ይከፈታል። ሜታኖልና ውሃ ውስጥ ይኮማተራል፣ በሩ ይዘጋል። ማማሰያ ማግኔቱ ፍሬዎቹን ፈጭቶ ዱቄት ሲያደርጋቸውም አይቻለሁ። አሲሜትሪክ ሥራ ላይ (ከግራና ቀኝ መልክ አንዱን ብቻ የምትፈልጉበት) ከሆናችሁና ሊጋንዱ ከሜታሉ በላይ ውድ ከሆነ ያን ጊዜ ልፋቱ ዋጋ አለው።

ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ተሸካሚ ግን ለትንሽ መጠን ደስ ይለኛል። ከላይ የቆጠርነው የ5 ሚሊግራም ኪሳራ ይቀንሳል። ማግኔት ከጠርሙሱ ውጭ ታስጠጋላችሁ፣ ፈሳሹን ትቀዳላችሁ፤ አለቀ። ሁለት ነገር አስተውሉ። አሲድ ያሟሟዋል። ሌላው ሰው የሚረሳው ነው፤ ካታሊስቱ ሄዶ ማማሰያው ማግኔት ላይ ይለጠፋል። ከላይ በሞተር የሚማሰል ያስፈልጋችኋል።

ያለ ተሸካሚ የሚሠራው ኒኬልስ? ሬኒ ኒኬል ከኒኬልና ከአሉሚኒየም ቅይጥ አሉሚኒየሙን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ የሚቀር ስፖንጅ ነው። ርካሽ ነው፣ ብርቱ ነው። ከደረቀ ግን በራሱ ይቀጣጠላል፤ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ውሃው ቶሎ በሚተንበት ከተማ ጠርሙሱን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ከሌለ ባይገባ እመርጣለሁ።

ያዘ ወይስ የያዘ መሰለ?

የጥናት ጽሑፎች ላይ «አምስት ዙር ሠራ፣ ሁሌም 100 በመቶ» የሚል ግራፍ ይበዛል። እኔ አላምነውም። ሥራው በ1 ሰዓት የሚያልቅ ሆኖ እናንተ 6 ሰዓት ከተዋችሁት ግማሹ ካታሊስት ቢሞትም 100 በመቶ ታገኛላችሁ። ከ30 እስከ 40 በመቶ ላይ አቁሙና አወዳድሩ። ድካሙ ያኔ ይታያል።

ሁለተኛው ፈተና ትኩስ ማጥለል ነው። ሥራው ግማሽ ሲደርስ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ካታሊስቱን አጥልላችሁ አውጡ። የጠለለውን ፈሳሽ መልሳችሁ ሃይድሮጅን ስጡት። ከቀጠለ ሥራውን የሚሠራው ታጥቦ የወጣው ሜታል ነው፤ ተሸካሚው ለይስሙላ ተቀምጧል። «ትኩስ» የምለው ያለ ነገር አይደለም። ሲቀዘቅዝ የሟሟው ፓላዲየም ተመልሶ ተሸካሚው ላይ ሊያርፍና ወንጀሉን ሊደብቅ ይችላል። ደግሞ ፈሳሹ ቆመ ማለት ምንም አልታጠበም ማለት አይደለም። የወጣው ሜታል ሥራ የማይሠራ ሊሆን ይችላል። የሚያረጋግጥላችሁ በአይሲፒ (ፈሳሽ ውስጥ ያለን ጥቂት ሜታል በሚለካ መሣሪያ) መለካት ነው። መድኃኒት ነክ ነገር የምትሠሩ ከሆነ አትዝለሉት። በዓለም አቀፉ የመድኃኒት መመሪያ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የፓላዲየም ጣሪያ በቀን 100 ማይክሮግራም ነው።

የከፍታ ነገርም አለ። ፊኛ ሃይድሮጅን ሞልታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግፊታችሁ የከተማችሁ አየር ግፊት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 88 ኪሎፓስካል አካባቢ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፤ 81 አካባቢ። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ነው። ሐረር ላይ ሃይድሮጅናችሁ በአንድ አምስተኛ ያንሳል። አንድ ጽሑፍ «በ2 ሰዓት አለቀ» ካለና የናንተ 2 ሰዓት ተኩል ከፈጀ ተሸካሚውን አትርገሙ። ሜታኖሉም ቶሎ ይፈላል፤ በ64.7 ሳይሆን ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሲሊንደር ማግኘት ካቃታችሁ ደግሞ አሞኒየም ፎርሜት አለ። ፓላዲየም በከሰል ላይ ሆኖ ሜታኖል ውስጥ ሃይድሮጅኑን ከፎርሜቱ ራሱ ያወጣዋል። ጋዙ እንዲወጣ ክፍት አድርጉት፤ ጢስ ማውጫው ሥር ሥሩ። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላልና።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ናይትሮውን አሚን ልታደርግ ነው፤ ኦክስጅኖቹን አውጥቶ ሃይድሮጅን ማስገባት ማለት ነው። ኤታኖል ውስጥ ነው፤ አሲድም ቤዝም የለም። 5 ግራም ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «በቃ ከሰል ያዢ፣ ደግመሽ ካልተጠቀምሽበት ሌላው ትርፍ ልፋት ነው» ልላት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ናይትሮው ያለበት የካርቦን ቀለበት ላይ ሌላ ምን አለ?» አልኳት።

«አንድ ክሎሪን።»

«እሱ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ?»

«እንዴ ቲቸር፣ እሱማ ዋናው ነገር ነው!»

ታዲያ ችግሯ ተሸካሚው አልነበረም። ፓላዲየም ክሎሪኑን ከቀለበቱ ሊነቅልባት ይችላል፤ ምንም ላይ ብታሳርፈው። ለዚህ ሥራ በከሰል ላይ ያለ ፕላቲነም ይሻላል፤ ትንሽ ሰልፈር የቀመሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቃል። ይህን ስነግራት ስልኩ ላይ ጸጥ አለች። ከኋላዋ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል።

«ቲቸር፣ ፕላቲነም ስንት ነው?» አለችኝ።